ሯጭን፣ ፈረሰኛንና የበረዶ ሆኪ ተጫዋችን ለማንሣት የቱ ይሻላል? ለጀማሪ ፎቶ አንሺ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ፈጣን ስፖርት ማንሣት የሚጀምር ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ዘወትር አንድ ነው፤ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። መቅደም ያለበት «ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት ነው የማነሣው?» የሚለው ሲሆን፣ ቀጥሎ «በዚያ ሰዓት ላለው ብርሃን የትኛው ሌንስ ይበቃኛል?» የሚለው ይመጣል። ካሜራው የሚመረጠው ሁለቱ ከተመለሱ በኋላ ነው። ተራውን የገለበጡ ወጣቶች ገንዘባቸውን በሙሉ በካሜራው ላይ ጨርሰው፣ አብራው በመጣችው አጭር ሌንስ ሯጮችን ከሩቅ ሲያነሡ ማየት ያሳዝነኛል። በዚያው ገንዘብ እጅግ የተሻለ ፎቶ ሊያነሡ ይችሉ ነበር።

የአዲስ አበባ ዳርቻ ለዚህ ሥራ የታደለ ነው። በስተሰሜን የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫካ አለ፤ ከተራራው ወዲያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ይገኛል፤ በስተምሥራቅ በለገጣፎ አልፎ ወደ ሰንዳፋ የሚወስደው አስፋልት፣ በስተደቡብና በስተምዕራብ ደግሞ የአቃቂና የሰበታ መንገዶች አሉ። የዓለም ሻምፒዮን የሆኑና ሊሆኑ የሚያልሙ ሯጮች በእነዚህ ቦታዎች ጎን ለጎን ይሮጣሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ የገና ጨዋታ፣ በጥምቀት ሰሞን ጉግስ ይታያል። የበረዶ ሆኪን የጨመርኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ልጆቻቸው በቶሮንቶ፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም ሆኪ የሚጫወቱላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ በቆልማማ ዱላ ትንሽ ነገር በኃይል የሚመታበት ጨዋታ በመሆኑ ለፎቶ አንሺው የሚሰጠው ፈተና ከገና ጨዋታ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሰዓቱ፦ ማለዳ ወይስ ረፋድ?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በጣም ቀጥ ብላ ትወጣለች። ወርቃማ ብርሃን የሚሉት፣ አውሮፓ ውስጥ በበጋ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው ለስላሳ ብርሃን እኛ ዘንድ ቶሎ ያልፋል። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ ከወጣች ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከአድማስ በላይ ከ20 ዲግሪ አልፋለች፤ ብርሃኑም ነጭና ደረቅ ሆኗል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ፣ በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ፀሐይ ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ የሯጭ ዓይን በቅንድቡና በኮፍያው ጥላ ውስጥ ይጠፋል። በረጅም ሌንስ ሲያነሡ ከሞቀው አስፋልት የሚነሣው አየርም ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ የትኛውም ውድ ሌንስ ይህን አያድንም።

ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ ከማንኛውም ዕቃ አስበልጬ እመርጣለሁ። ደግነቱ ሯጮቹም የሚወጡት በዚሁ ሰዓት ነው። ልዩነቱ ያለው በቦታው ላይ ነው። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ብርሃኑ 1 ሰዓት ሳይሞላ በቂ ይሆናል። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ግን በዚያው ደቂቃ ገና ድንግዝግዝ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ በዛፎቹ መካከል እየሾለከች መሬቱን ዥንጉርጉር ታደርገዋለች። ሯጩ አንድ እርምጃ በብርሃን፣ አንድ እርምጃ በጥላ ይሮጣል። ጫካ ውስጥ ሰማዩ በስሱ ደመና የተሸፈነበትን ቀን፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ጥርት ያለውን ማለዳ ይምረጡ።

ሌንሱ፦ ሦስት መንገዶች

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ፎቶው የሚወሰነው ከምንም በላይ በሌንሱ ነውና።

የመጀመሪያው ምርጫ ርካሹ ረጅም ዙም ነው፤ ከ55 እስከ 250 ወይም ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚሄደው ዓይነት (ቁጥሩ በበዛ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል)። ሲዘረጋ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል)። ብዙዎች ይህን ሌንስ ይንቁታል፤ እኔ ግን ለሜዳ ሥራ ከልቤ እመክረዋለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ጥርት ባለ ፀሐይ፣ በኤፍ 5.6ና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ የሻተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/3200 ሰከንድ ይደርሳል። ይህ የጉግስ ፈረስን ለማስቆም ይበቃል። በሱሉልታና በሰንዳፋ በጠራ ቀን ለሚያነሣ ሰው የሌንሱ ቀዳዳ ጠባብነት እንቅፋት አይሆንም።

እንቅፋት የሚሆነው ብርሃኑ ሲቀንስ ነው። በጫካ ጥላ ውስጥ በማለዳ፣ በ1/800 ሰከንድ ለማንሣት ይኸው ሌንስ አይኤስኦ 6400 ሊጠይቅ ይችላል። ኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ በዚያው ቦታ አይኤስኦ 1600 ይበቃዋል፤ የሚያስገባው ብርሃን አራት እጥፍ ነውና። በአዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ ወይም ቴኳንዶም ከዚሁ ምድብ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ዙም የሌለው፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው አነስተኛ ሌንስ ነው፤ በተለይ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው፤ ዋጋውም ከትልቁ ዙም ጋር አይወዳደርም። ዳሳሹ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አነስተኛ በሆነ ካሜራ ላይ ሲገጠም የሚያሳየው ስፋት በትልቅ ዳሳሽ ላይ እንዳለ 130 ሚሊ ሜትር ገደማ ሌንስ ይሆናል። ከኤፍ 2.8 ይልቅ ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ለአዳራሽና ለጫካ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ አላውቅም። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ርቀቱን የሚያስተካክሉት በእግርዎ ነው። ሯጩ 30 ሜትር ርቆ ከሆነ በፎቶው ውስጥ ትንሽ ይሆናል፤ ከ5 ሜትር በታች ከቀረበ ደግሞ እግሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ይህን ሌንስ የያዘ ሰው አስቀድሞ አንድ ቦታ መርጦ፣ ሯጩ እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ለጀማሪ ይህ ግዴታ ጥሩ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ባለሙያዎች የሚይዙት ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 ሌንስ ነው። ለሁሉም ይሆናል፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከካሜራው ይበልጣል። አቅም ላለው ሰው ያገለገለውን መግዛት ከአዲስ ካሜራ ይመረጣል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትልቅ ዳሳሽ ባለው ካሜራ፣ በ200 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 2.8፣ 15 ሜትር ርቆ ያለን ሰው ሲያነሡ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከቡድኑ አንዱ ጥርት ሲል ከኋላው ያሉት ይደበዝዛሉ። አንድን ሯጭ ነጥሎ ለማውጣት ይህ ውበት ነው፤ ተሰልፈው የሚሮጡ ስድስት ልጆችን ለማሳየት ከሆነ ግን ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 5.6 ማጥበብ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሌንሱ ከርካሹ ዙም ጋር እኩል ብርሃን እያስገባ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆም አራተኛም አለ፤ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4። ከካነን የመጀመሪያው ሞዴል 705 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ከኤፍ 2.8ቱ ከእጥፍ በላይ ይቀልላል ማለት ነው። ከሱሉልታ ሯጮች ጋር ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ክብደቱ ቀላል ነገር አይደለም። የአዳራሽ ሥራ ለሌለው ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ካሜራው፦ ያረጀ ፈጣን፣ አዲስ ቀላል ወይስ ስልክ?

ለስፖርት ተብለው የተሠሩ ባለመስተዋት (ዲኤስኤልአር) ካሜራዎች ዛሬ በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛሉ። በ2014 የወጣው ካነን ሰባት ዲ ማርክ ሁለትና በ2016 የወጣው ኒኮን ዲ 500 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለቱም በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሣሉ፤ አካላቸው አቧራና ካፊያ ይችላል፤ ፎከሳቸው የሚሮጥን ነገር ለመከተል የተሠራ ነው። በአንጻሩ እንደ ካነን 700 ዲ ያሉ የጀማሪ ካሜራዎች በሰከንድ 5 ያህል ያነሣሉ፤ በሮው፣ ማለትም ባልተጨመቀ ጥሬ ፋይል ከሆነም ከስድስት ፎቶ ገደማ በኋላ ማህደረ ትውስታቸው ሞልቶ ይዘገያሉ።

ሚረርለስ (መስተዋት አልባ) የሚባሉት አዳዲሶቹ ካሜራዎች ትልቅ ብልጫ አላቸው፤ ፊትንና ዓይንን ፈልገው ያገኛሉ፤ ተጫዋቹ በፍሬሙ ዳር ቢሆንም ይከተሉታል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለት ነገር ግን ይመርመሩ። ባትሪያቸው ከባለመስተዋቶቹ ቶሎ ያልቃል፤ ጠዋት ሙሉ ሰንዳፋ መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው። በተጨማሪም ድምፅ አልባ በሆነው የኤሌክትሮኒክ ሻተር ሲያነሡ፣ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ ፈጣን ዱላ ወይም የብስክሌት ጎማ ቅርጹ ይጣመማል፤ ዳሳሹ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው። ለገና ጨዋታ ሜካኒካሉን ሻተር ይጠቀሙ።

ስልክ ብቻ ያለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ስልክ በርቀት ይሸነፋል፤ በቅርበት ግን ይችላል። ዙሙን ይተዉት፤ በሜዳው ጥግ ዝቅ ብለው ይቁሙ፤ ሯጩ በሦስት ሜትር ርቀት ሲያልፍ ተከታታይ ማንሻውን ይጫኑ። ከሥር ወደ ላይ የተነሣ፣ ሰማይና ተራራ ከኋላ ያለው የስልክ ፎቶ ከሩቅ በትልቅ ሌንስ ከተነሣ ደብዛዛ ፎቶ ይበልጣል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ሦስት ነገር ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ። የሻተሩን ቆጣሪ ያስነብቡ፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ የስፖርት ካሜራዎች ሻተራቸው ለ200,000 ጊዜ እንዲሠራ ታስቦ የተመረተ ነው፤ ቁጥሩ ወደዚያ ከተጠጋ ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ከዚያ የስልክዎን መብራት በሌንሱ በአንድ በኩል አብርተው በሌላው በኩል ይመልከቱ፤ በክረምት እርጥበት ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተሠራ ሻጋታ ሊኖረው ይችላል። በመጨረሻም ከሱቁ በር ላይ ቆመው፣ ወደ እርስዎ የሚመጡ ታክሲዎችን በተከታታይ ያንሡና አጉልተው ይዩ። ፎከሱ ታርጋውን ካልተከተለ ሯጩንም አይከተልም።

የሻተር ፍጥነቱና የሚቆሙበት አቅጣጫ

ሁለቱን አንድ ላይ የማነሣው የማይነጣጠሉ ስለሆኑ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በ1/250 ሰከንድ ውስጥ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ይጓዛል። ወደ ፊት የምትወረወረው እግሩ ደግሞ ከገላው ሁለት እጥፍ ያህል ትፈጥናለች። ስለዚህ በ1/250 የተነሣ ሯጭ ፊቱ ደህና ቢመስልም ጫማው የተጠረገ ይመስላል። በ1/1000 ሁሉም ይቆማል። ለእግር ኳስና ለሩጫ 1/1000ን፣ ለፈረስና ለዱላ ምት 1/2000ን መነሻ ያድርጉ።

ይህ ግን ሯጩ በፊትዎ አቋርጦ ሲያልፍ ነው። ወደ እርስዎ ሲመጣ በፍሬሙ ውስጥ የሚያሳየው እንቅስቃሴ በጣም ያንሳል፤ 1/640 ሊበቃ ይችላል። ብርሃን ሲያጥር ሌንስ ከመቀየር ይልቅ ቦታ መቀየር የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከመንገዱ ጎን ተነሥተው ወደ መታጠፊያው ይሂዱ። ከፊት ለፊት ሲያነሡ ፊትን፣ ትንፋሽን፣ የሁለት ተፎካካሪዎችን ትከሻ ለትከሻ መግፋት ያገኛሉ። የሚከፍሉት ዋጋ ለፎከስ ማስቸገሩ ነው፤ ርቀቱ በየቅጽበቱ ስለሚቀንስ ካሜራው ያለማቋረጥ ማስላት አለበት። በካነን ኤአይ ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤኤፍ ሲ የሚባለውን የተከታታይ ፎከስ ስልት ሳያበሩ ከፊት ለፊት አይሞክሩ። በአሮጌ ካሜራ ከሆነ የመሃሉን አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ መርጠው በሯጩ ደረት ላይ ይያዙት። ሁሉንም ነጥቦች ክፍት ካደረጉ ካሜራው ከሯጩ ይልቅ ከኋላ ያለውን ባሕር ዛፍ ይመርጣል።

ከጎን መቆም የሚያዋጣበት አንድ ጊዜ አለ፤ ፓኒንግ ለሚባለው፣ ካሜራን ከሯጩ ጋር እያዞሩ አጅቦ የማንሣት ስልት። ለብስክሌተኛ 1/60፣ ለሯጭ 1/30 ሰከንድ ይሞክሩ። የሰውየው ፊት ሲጠራ የባሕር ዛፎቹ ግንዶች ወደ ጎን ይሳባሉ፤ ፍጥነት በዓይን ይታያል። ሁሉንም ያስቆመ ፎቶ አንዳንዴ ሯጩን የቆመ ሐውልት ያስመስለዋል፤ ይህ ስልት እንቅስቃሴውን ይመልስለታል። ነገር ግን ከብዙ ሙከራ ጥቂቱ ብቻ ይሳካል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልፍ ውድድር ላይ መጀመሪያ በ1/1000 አስተማማኙን ያንሡ፤ ፓኒንጉን ልጆቹ ደጋግመው ለሚዞሩበት ልምምድ ያቆዩት።

የራስ ሰር ብርሃን መለኪያ ወይስ በእጅ?

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ነው የሚሞክረው። ይህ ባሕርይው በእኛ አካባቢ ሁለት ጊዜ ይጎዳናል። ሯጩ ከሱሉልታ ሰፊ ሰማይ ፊት ለፊት ሲታይ ካሜራው ለሰማዩ ሲል ያጨልማል፤ ጠይም ፊት ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። በገናና በጥምቀት ደግሞ ነጭ ልብስና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው እንዲሁ ያጨልማል። ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ ፊቶቹ ይጠፋሉ። የስፖርት ፎቶ ያለ ፊት ባዶ ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ለፊት እንጂ ለሰማይ መታዘዝ የለበትም።

ብርሃኑ በማይለዋወጥበት ጥርት ያለ ሜዳ ላይ ሁሉንም በእጅ መወሰን ይሻላል። አንድ ጓደኛዎን ሯጮቹ በሚያልፉበት ቦታ አቁመው ፊቱ በደንብ እስኪታይ ያስተካክሉ፤ ከዚያ አይንኩት። ደመና በሚመላለስበት ቀንና በዥንጉርጉሩ ጫካ ውስጥ ግን የሻተሩንና የቀዳዳውን ቁጥር በእጅ ይዘው አይኤስኦውን ለካሜራው ይተዉለት፤ ከዚያ ካሜራው ከለካው በላይ እንዲያደምቅ የሚያዘውን የብርሃን ማካካሻ ወደ ፕላስ አንድ ያህል ያድርጉት። ሰማዩ ቢነጣ ግድ የለም።

የገና ጨዋታና ጉግስ

ገናን የሚያነሣ ሰው ሩሯን (የጨዋታውን ኳስ) ሲከተል ዱላዎቹን ያጣል። ሩሯ ትንሽ ናት፤ በአቧራና በእግር መካከል ትጠፋለች። ስለዚህ ፎከሱን በሩሯ ላይ ሳይሆን ሊመታ በተዘጋጀው ሰው ላይ ያድርጉ፤ ዱላው ከኋላ ሲነሣ ይጀምሩና ከመሬት እስኪነሣ ድረስ አያቋርጡ። ከመቺው በስተኋላ ወይም በጎኑ ይቁሙ እንጂ ሩሯ ወደምትበርበት አቅጣጫ በፍጹም አይቁሙ። ረጅሙ ዙም ከ85ቱ የሚመረጠው ለፎቶ ጥራት ብቻ ሳይሆን ለደኅንነትም ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ቢባልም የተሰበረ ሌንስ የሚተካ የለም።

ጉግስ ሌላ ነው። እዚህ ቅጽበቱን መምረጥ ከፍጥነቱ ይከብዳል። ኤድዊርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 በካሊፎርኒያ በተደረደሩ ካሜራዎች የሚጋልብ ፈረስ አንሥቶ፣ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዘረጉ ሳይሆን ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑን አሳይቷል። ያቺ ቅጽበት በጉግስ ፎቶም ኃይለኛ ናት፤ ፈረሱ አየር ላይ፣ አሳዳጁ ዱላውን ሊወረውር፣ ተሳዳጁ በጋሻው ሊመክት። በሰከንድ 10 የሚያነሣ ካሜራ ያቺን ቅጽበት የመያዝ ዕድሉ በሰከንድ 5 ከሚያነሣው እጥፍ ነው። የካሜራ ፍጥነት በእውነት ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው። ለሩጫ ልምምድ ግን ቀስ ባለው ካሜራ የእርምጃውን ምት ተለማምዶ በአንድ ጭነት ማንሣት ይቻላል።

ሁለቱም በዓላት በደረቁ ወቅት ስለሚውሉ አቧራው ብዙ ነው። ሜዳ ላይ ሌንስ አይቀይሩ፤ ግድ ከሆነ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ካሜራውን ወደ ታች ዘንበል አድርገው በነጠላ ወይም በጃኬት ሥር ይቀይሩ።

የበረዶ ሆኪ

ፓክ የምትባለው ጥቁር የጎማ ዲስክ 7.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላት፤ በጠንካራ ምት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። በዚያ ፍጥነት በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ ከግማሽ ስፋቷ ይበልጣል። የሕጻናት ጨዋታ በእርግጥ ይህን ያህል አይፈጥንም። ለልጆች 1/640 እስከ 1/800፣ ለአዋቂዎች 1/1000 መነሻ ይሆናል። የአዳራሹ ብርሃን ከውጭ ብርሃን እጅግ ስለሚያንስ ኤፍ 2.8 ሌንስም ብዙ ጊዜ ከአይኤስኦ 1600 እስከ 6400 ይጠይቃል። ርካሹ ረጅም ዙም በሱሉልታ ያሸነፈውን ያህል እዚህ ይሸነፋል። በቶሮንቶ ላለው ወንድምዎ ሌንስ የሚያማርጡለት ከሆነ በራስዎ ሜዳ ያዩትን አይምከሩት፤ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ወይም ያገለገለ ኤፍ 2.8 ዙም ይግዛ።

በረዶው ነጭ ስለሆነ የጥምቀቱ ችግር እዚህ በየፍሬሙ ይደገማል። ካሜራው በራሱ ከተተወ በረዶው ግራጫ፣ ከጭንብሉ ሥር ያለው ፊት ጨለማ ይሆናል። የአዳራሹ ብርሃን ስለማይለዋወጥ ሁሉንም በእጅ መወሰን ይመረጣል፤ በራስ ሰር ከሆነ ማካካሻውን ቢያንስ ወደ ፕላስ አንድ ከፍ ያድርጉ። የቀለሙን ሚዛንም ከበረዶው ላይ ይለኩ፤ ነጭ ወረቀት መፈለግ አያስፈልግም።

ከመስታወቱ ጀርባ የሚያነሣ ሰው ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ማስጠጋት አለበት፤ ዘንበል ካለ ምስሉ ይበላሻል፤ ከራቀ የመብራቱ ነጸብራቅ ይገባል። ለስላሳ የጎማ የሌንስ ኮፍያ ለዚህ ከብረቱ ይሻላል፤ ተጫዋቾች መስታወቱን ሲገጩ ሌንሱን ይጠብቃል። ቦታ ሲመርጡ ከጎሉ መስመር አጠገብ ያለው ጥግ ከመሃል ሜዳ ይሻላል፤ አጥቂው ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ግብ ጠባቂውም በፍሬሙ ውስጥ ይገባል። ዓይን የሚፈልገው አዲሱ የፎከስ ስልት በጭንብል ፍርግርግ ሊታለል ስለሚችል በደረት ላይ የተያዘ አንድ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

አንድ ስውር ችግር ደግሞ የመብራት ብልጭልጭታ ነው። በኢትዮጵያና በአውሮፓ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ የአዳራሽ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ ይፈዝዛሉ፤ በሰሜን አሜሪካ 120 ጊዜ። ዓይን አያየውም፤ በ1/1000 የተነሡ ተከታታይ ፎቶዎች ግን አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጨለማ ሆነው ይወጣሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ የስፖርት ካሜራዎች ብልጭልጭታውን ጠብቀው የሚያነሡበት ማስተካከያ አላቸው፤ አዳራሽ ለሚያዘወትር ሰው ከጀማሪ ካሜራ እነሱን ለመምረጥ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ከበረዶ አዳራሽ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ካሜራው እስኪሞቅ ከቦርሳው አያውጡት፤ ጤዛ በሌንሱ ውስጥ ይቋጠራል።

ፋይሉ፦ ሮው ወይስ ጄፔግ?

ብርሃኑ አስቸጋሪ በሆነበት ጫካና አዳራሽ ሮው ይሻላል፤ የጨለመ ፊትን በኋላ ለማንሣትና ቀለሙን ለማረም ብዙ ቦታ ይሰጣል። ጥርት ባለ ሜዳ፣ ብርሃኑን በእጅ በትክክል ለክተው ከሆነ ግን ጄፔግ ይበቃል፤ ቀስ ያለ ካሜራም ሳይታፈን ረጅም ተከታታይ ያነሣል። እኔ በጀማሪ ካሜራ ለሚያነሣ ሰው ጉግስን በጄፔግ፣ የጫካ ሩጫን በሮው እመክራለሁ።

ከማንሣትዎ በፊት አሠልጣኙን ያስፈቅዱ፤ ሕጻናት ከሆኑ ወላጆቻቸውንም። በልምምድ ላይ ያለ ሯጭ ሰዓቱን እየቆጠረ ነው፤ መንገዱ ላይ አይግቡበት፤ ፍላሽም አይብራበት። ፎቶውን ለሯጩ ሲሰጡ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩለት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መተግበሪያው መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ለክለብ ማመልከቻም ሆነ ለግድግዳ ሊያሳትመው ሲፈልግ ጥራቱ አይበቃም።